እንግዶቹን አደራ

ሰፈሩ የሚያውቃት ሽርጉድ በሚል ስም ነው። ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለማ! ምሳዋን የምትበላው ቆማ፣ ሻይዋን የምትጠጣው እየተንጎራደደች። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት ቤት፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ስትሰየም እንኳ እግሯ ከፔዳሉ ቀድሞ ይነቃነቃል። አባቷ በሕይወት ሳለ «ይቺን ልጅ መሬቱ ያቃጥላታል» ይል ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህማ አይጣል ነው፤ የምትተኛውም ቆማ ሳይሆን አይቀርም።

ያን ቀን ጠዋት ጭራሽ ባሰባት። ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር፣ ከሁለቱ በለሶች በታች ያለው መሬት በእንጭጭ ፍሬ ተሸፍኗል። የጣት ጫፍ የሚያካክሉ፣ ቢጫ የሆኑ፣ የተጨማደዱ። ትናንት ማታ ጠርጋው ነበር። ቀና ብላ ቅርንጫፉን አየችው፤ የቀሩትም ፊታቸው ደስ አይልም።

ወንድሟ ግንበኛው ግቢው መሃል ሜትሩን ዘርግቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይለካል። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ያፏጫል።

«በጠዋቱ ምን ትለካለህ?»

«ሁለት ክፍል ይወጣዋል» አላት ቀና ሳይል። «በሩን ወደ መንገድ ካዞርነውማ ሦስት።»

«ዛፎቹስ?»

«የቱ ዛፍ? እትዬ፣ እያቸው እስቲ! ባለቤታቸው ሞተ፣ እነሱም ተከተሉት። እኔ ምን ላድርግ?»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሚስትና ልጆች ይዞ በመጋረጃ በተከፈለች አንዲት ክፍል የሚኖር ሰው፣ ባዶ መሬት ሲያይ ዐይኑ ቢለካ አይፈረድበትም። አባታቸው የተቀበረ ሰሞን «ፍሬ ከያዙ አልነካቸውም፤ ካረገፉ ግን መጥረቢያ አነሳለሁ» አላት፤ እሷም እየተጣደፈች «እሺ» አለች። ዕድሜ ልኳን ሳያፈሩ የቀሩበትን ዓመት አታውቅማ! ምንም የሰጠች አልመሰላትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቷ በእጁ ከተከላቸው ከእነዚህ ሁለት ዛፎች ሌላ የእሱ የሚባል ነገር አልቀራትም።

«በዚህ ሰሞን ነበር እኮ አባባ ክርሽን የሚሰርቅሽ» አለ ግንበኛው ሜትሩን እየጠቀለለ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል።

ሽርጉድ ቀጥ አለች።

እውነቱን ነው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ወፍራሙ ነጭ ክሯ ይጎድላል። በየዓመቱ ትጮሃለች፤ በየዓመቱ አባቷ «አይጥ ይሆናል» ይላል። ሮጣ ገብታ መሳቢያውን ከፈተች። ክሩ አለ፣ ሙሉ ጥቅሉ፣ ጫፉ እንኳ ሳይፈታ።

መሳቢያውን እንደያዘች የልጅነት ነገር መጣባት። አባቷ ትከሻ ላይ ናት። እሱ ትናንሽ ጠጣር በለሶችን እንደ ዶቃ በክር ሰክቶ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያንጠለጥላል። ከእነዚያ በለሶች ቀዳዳ ጥቃቅን ጥቋቁር ነገሮች እየወጡ ይበራሉ። ልትይዛቸው እጇን ስትዘረጋ «ተዪያቸው፣ ይግቡበት» ይላታል። «እንግዶቹ መጡ።»

እንግዶቹ!

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ሽርጉድ።

አባቷ ሊሞት ሲል እጇን ይዞ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «እንግዶቹን አደራ፤ ሰሞናቸው እንዳያልፍ» የሚል ነበር። እሷ ለቀስተኛ መሰላት። ታዲያ ምን ይምሰላት? ሰው ነፍሱ ሊወጣ ሲል ስለ ተርብ ያወራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ከሰፈሩ ሁሉ ወንበር ለመነች፣ ድስት ተዋሰች፣ ሳይበላ የወጣ ለቀስተኛ የለም። በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቷ ነርሷ የሚተካት ሰው ጠፍቶ ወደ ሆስፒታሏ ልትመለስ ስትነሳ፣ ሽርጉድ በሰው ፊት በር ላይ ቆመችባት። «አባባ እንግዶቹን አደራ ብሎ ሞቶ ጥለሻቸው ትሄጃለሽ? አንቺ እኮ ዱሮም ለዚህ ቤት እንግዳ ነሽ!» አለቻት። ነርሷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ነገሩን አባትየው አፍታቶ ነግሯቸው ቢሆን ኖሮ እኔም እዚህ አልደክምም ነበር። ግን ሰውዬው ሁሉን ነገር በድፍኑ የሚወድ ሰው ነበር። በለስ ወንዴና ሴቴ አለው። የወንዴው ፍሬ ገለባ ነው፣ አይበላም፤ ሆዱ ውስጥ ግን ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ትፈለፈላለች። ሴቴዋ፣ እንደ ሽርጉድ ግቢዎቹ ሁለቱ፣ አበባዋን የምታብበው ወደ ውስጥ ነው፤ ከውጭ እንጭጭ ፍሬ የሚመስለው ነገር ውስጡ አበባ ነው። ተርቧ የወንዴውን ብናኝ ተሸክማ ትመጣና በፍሬዋ ጫፍ ባለችው ጠባብ ዐይን ተጨናንቃ ትገባለች፤ ስትገባ ክንፏ ይነቀላል። እንቁላሏን የምትጥልበት ስትፈልግ፣ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ብናኙን ለአበባው ሁሉ ታዳርሳለች። የምትጥልበት አታገኝም፣ መውጫም የላትም፣ እዚያው ትቀራለች። ፍሬዋ ግን ትይዛለች። እንግዳ ያልገባባት ፍሬ ቢጫ ትሆንና ትረግፋለች። ተርቧ ክንፍ አውጥታ የምትቆየው ደግሞ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ነገ ዛሬ አይባልባትም።

አባትየው በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከከተማው ማዶ፣ ነርሷ ካገባችበት ግቢ፣ የወንዴ ፍሬ ከረጢት ሞልቶ ይመጣ ነበር። «ሻይዋ ስኳር የለው ምን የለው፣ ውኃ በቀለም!» እያለ እያማረረ። «ወንዴውን እዚሁ ለምን አትተክለውም?» ሲሉት «ከተጠጋ ይበዛና ፍሬውን ያፈነዳዋል፤ እንግዳም በልክ ነው» ይላል። ሽርጉድ ያኔ አንድ ጆሮዋን ሰጥታ፣ በሌላው ስለ ዩኒፎርም ቁልፍ ታስብ ነበር።

ለቀጣሪዋ ደወለችና «ዛሬ አልገባም» አለች። «ምን ሆንሽ?» ስትባል ዘጋችው።

አውቶቡስ ላይ ባዶ መቀመጫ ሞልቶ ሳለ ቆማ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ስትለማመድ ነበር። «አጥፍቻለሁ» ልበል? «ያለፈው አለፈ» ልበል? «ታናሽ ሆነሽ አንቺ ነበርሽ መምጣት የነበረብሽ» ልበል? ፌርማታው ሲደርስ ሁሉም ጠፋባት።

ነርሷ ከሌሊት ተረኛነት ገብታ ፀጉሯን ጠቅልላ ነበር። ቤቷ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ወለሉ ላይ ፊት ይታያል።

«እትዬ» አለች በሩን ይዛ። «በሰላም ነው?»

«በሰላም።»

«ግቢ። ሻይ ላፍላልሽ?»

«አልፈልግም፣ እቸኩላለሁ።»

ይቅርታው ጥርሷ ጋ ደርሶ ተመለሰ። «ከኋላ ካለው በለስ ትንሽ ፈልጌ ነበር» አለች።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

ሾላ በድፍን! አባቷን ቁርጥ። የበለስ ነገር ሆኖ እንኳ ከፍቶ ማሳየት ሞቷ ነው።

ነርሷ ጓንቷን አጠለቀችና በጓሮ በር ወጣች። ሽርጉድ ሳሎኑን ከዳር ዳር ለካችው። መደርደሪያው ላይ የአባታቸው ፎቶ አለ፤ አየችውና ፊቷን አዞረች። ከወጥ ቤት የውኃ ድምፅ መጣ። ገብታ ምን እየሠራች እንደሆነ ብታይ ምን ነበረበት? ኩራት የሚሉት ነገር አለ አይደል፣ እግር ከወርች የሚያስር። ነርሷ ክዳኑ ግጥም ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ተመለሰች።

«በደንብ አዘጋጅቼልሻለሁ» አለች።

ሽርጉድ ነጥቃ እግሬ አውጪኝ አለች።

ፌርማታው ላይ ነው ዕቃው እጇን እንደሚያሞቃት የታወቃት። ከፈተችው። በለሶቹ ታጥበው፣ ተወልውለው፣ ያብረቀርቃሉ፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ። ከሥር በቀረችው ውኃ ላይ ጥቃቅን ጥቋቁር ነገሮች ተንሳፍፈዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ ሽርጉድ የምትለቅመው እንኳ አልቀራትም።

በሩን በጡጫ ደበደበችው።

«ገደልሻቸው!»

«ማንን?»

«እንግዶቹን!»

ነርሷ ዐይኗን አፈጠጠችባት። «አሁንም እንግዶቹ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሰደብሽኝ አልበቃ ብሎሽ፣ አሁንም እንግዶቹ ትይኛለሽ እትዬ?»

ከዚህ በኋላ በድፍኑ የሚሆን ነገር አልነበረም። ሽርጉድ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እጇን እያፍተለተለች፣ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው፤ ክሩን፣ ትከሻውን፣ የሞቱን ቃል፣ ሜትሩን፣ መጥረቢያውን። ነርሷ አፏን በእጇ ይዛ ሰማቻት።

«ስቆርጠው ትል ወጣበት!» አለች በመጨረሻ። «ትል ያለበት ነገር ለእህቴ እንዴት እሰጣለሁ? የፈላ ውኃ ነው የለቀቅኩበት።»

«አባባ ሲለቅም አታዪም ነበር?»

«አያለሁ እንጂ። ‹ምን ያደርግልሃል?› ስለው ‹ለኪንታሮት› አለኝ።»

«ለምን?»

«ለኪንታሮት! የእጅ ይሁን የሌላ አልጠየቅኩም። ነርስም ብሆን አባቴ ነው፣ እንዴት እጠይቃለሁ? ዝም ብዬ በየዓመቱ ቅባት እሰጠው ነበር።»

ሽርጉድ ግንባሯን መታች። አባታቸው ሳጥን ውስጥ አንዱም ያልተከፈተ የቅባት መዓት ተደርድሮ አግኝተው፣ ከወንድሟ ጋር ሰውዬው በምን ተሠቃይቶ ይሆን ብለው አልቅሰው ነበር። ይህን ስትነግራት ሁለቱም ግድግዳ እስኪይዙ ሳቁ። ከዚያ ነርሷ ሳቋን አቆመች።

«ስለዚህ ለተርቡ ነበራ» አለች። «እኔን ሊያይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።»

  አባታቸው ከዚያ ሌላ የሰው ቤት የማይረግጥ፣ ከግቢው የማይወጣ ሰው መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

«እኔ ደግሞ ሊመጣ ሲል ቤቱን ሁሉ አጥብ ነበር» አለች ነርሷ፣ የትራስ ልብስ ከቁም ሳጥን እየመዘዘች። «ነይ፣ ፀሐዩ ሳይከርር እንልቀም።»

የበለሱን ዐይን እያዩ ለቀሙ፤ ዐይኑ የላላውን፣ ውስጡ የሚርመሰመሰውን። ነርሷ ጓንቷን አውልቃለች። የትራሱን ልብስ አፉን በክር አስረው አብረው ወጡ። «አንቺ ለምን ትመጫለሽ፣ ተኝተሽ አላደርሽ» ብትላት «ልያቸው» አለች ነርሷ።

አውቶቡሱ እንደ ምድጃ ግሏል። ነርሷ የትራሱን ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሽርጉድ አጠገቧ ቆማ ሾፌሩን በልቧ ትገፋለች። ተርብ ሙቀት ሲነካት መውጣት ትወዳለች። መጀመሪያ ያየው ከፊት የተቀመጠው ባለ ክራቫት ነው።

«እህት፣ ትራስሽ ይነቃነቃል።»

«አይነቃነቅም» አለች ሽርጉድ።

«ኧረ ይነቃነቃል!»

ረዳቱ በሰው መሃል እየተሹለከለከ መጣ። «ምንድነው የጫናችሁት?»

«እንግዶች» አለች ሽርጉድ፣ ሳታስበው። አውቶቡሱ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አንዷ ከጨርቁ ክር መሃል ሾልካ የባለ ክራቫቱ መነጽር ላይ አረፈች፣ ሌላዋም ተከተለች፤ ከኋላ አንዲት ሴት «ንብ! ንብ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ንብ አይደለም! አይናደፍም! ሁላችሁም ተቀመጡ!» አለች ነርሷ በሽተኛ በምታዝዝበት ድምጿ። ማን ሊቀመጥ! ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ።

«እናንተም ውረዱ፣ እንግዶቻችሁንም ይዛችሁ ውረዱ» አለ።

የወረዱት አንድ ድልድይ ሥር፣ የጎሚስታ ቤት አጠገብ ነው። መንገዱ ገና ግማሽ ነው። ሽርጉድ መኪና ለማስቆም እጇን ታወናጭፋለች፣ ማንም አይቆምላትም፤ ወደ ትራሱ ታያለች፣ ወደ ፀሐዩ ታያለች። ነርሷ ጥላ ፍለጋ ወደ ጎሚስታው ገባች። አሮጌ ጎማዎች የተከመሩበት፣ የተንጨፈረረ ትልቅ ዛፍ ሥር።

«እትዬ» አለች። «ነይ እስቲ።»

ሽርጉድ መጥታ ቀና አለች። ዛፉ ወንዴ በለስ ነው። ፍሬው ተንዠርግጓል፤ እያንዳንዱ ዐይን ላይ ጥቋቁሮቹ እየወጡ ይርመሰመሳሉ። ከእነሱ ቤት ለተርብ ሩቅ ነው፤ ለሰው ግን የነርሷ ቤት መንገድ ግማሽ።

ጎሚስታው ከጎማው ሥር ተነሳ፣ ፀጉሩ የነጣ ሰው ነው። የታሰረውን ትራስ አየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊታቸውን መረመረ።

«የሽማግሌው ልጆች ናችሁ?» አላቸው። «እኔ እኮ ዘንድሮ ምነው ቀረ እያልኩ ነበር።»

«አርፏል፣ ጋሼ» አለች ሽርጉድ።

«ወይ...» አለና ጎማው ላይ ቁጭ አለ። በጨርቁ ወደ ዛፉ አመለከተ። «ዱሮ ዱሮ ከዚህ ነበር የሚለቅመው። ኋላ ልጁ ከማዶ አገባች፣ እኔን ተወኝ። ከዚያ ሞልቶ ሲመለስ እዚህ ወርዶ ያርፋል። ‹አንተ ሰውዬ፣ ይሄው ዛፍ እያለልህ በዚህ ጉልበትህ ምን ያንከራትትሃል?› እለው ነበር።»

«ምን ይልዎት ነበር?» አለች ነርሷ። ድምጿ ተቀይሯል።

«‹ያንተ ዛፍ ሻይ አያፈላም› ይለኝ ነበር።»

ነርሷ የትራሱን ልብስ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እዚያ መንገድ ዳር፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ለአባቷ እንዲህ ስታለቅስ ማንም አላያትም ነበር፤ በቀብሩም ቀን ጥርሷን ነክሳ ነው የዋለችው። ሽርጉድ መኪናውንም ፀሐዩንም ረስታ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ይቅር በይኝ» አለቻት። «እንግዳ ያልኩሽን።»

ጎሚስታው ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ባለ ጭነት መኪና ለምኖ አሳፈራቸው። «የዚህንም ጨምሩበት» ብሎ ከዛፉ ሊቆርጥላቸው ሲነሳ፣ ሁለቱም ባንድ አፍ «አይ፣ ይኸው ይበቃል» አሉት።

ግንበኛው አጥሩ ሥር ቆሞ መጥረቢያውን ሲስል ደረሱ። እህቶቹ አብረው ከመኪና ሲወርዱ አየና አፉን ከፈተ።

«ታረቃችሁ?»

«መሰላል አምጣ!» አለችው ሽርጉድ።

ያን ከሰዓት ሽርጉድ በወፍራሙ ክር እየሰካች፣ ነርሷ እያቀበለች፣ ግንበኛው መሰላል ላይ ሆኖ እያሰረ አመሹ። አንዷ ተርብ እንጭጯ ፍሬ ላይ አረፈች፤ ዞረች፣ ዐይኗን አገኘች፣ ጭንቅላቷን ሰደደች። ገፋች፣ ገፋች። ከገባች በኋላ በሩ ላይ ክንፏ ቀረ። ግንበኛው ከመሰላሉ ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ውጦ አያት። «በዚች በር!» አለ፤ በር የሚሠራ ሰው ነውና ገረመው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን አትጠይቁኝ። ሽርጉድ ጎህ ሳይቀድ መጥረጊያ ይዛ ትወጣለች፣ መሬቱን ታያለች፣ ትጠርጋለች፣ ከስፌት ቤት ለምሳ ሮጣ መጥታ ደግሞ ታያለች። መርገፉ ቀጠለ፤ እንግዳ ሳያገኙ ሰሞናቸው ያለፈባቸው ብዙ ነበሩ። ነርሷ በየማታው ትደውላለች። «ዛሬስ?» «ዛሬም።» አንድ ቀን ጠዋት ግን ሽርጉድ መጥረጊያዋን ይዛ ወጥታ የሚጠረግ አጣች። ቀና ስትል የቀሩት አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ ጉንጫቸው የሞላ ነበር። እልል ልትል ፈለገች፣ ጎረቤት እንዳይቀሰቀስ አፏን ያዘች።

ግንበኛው መጥቶ ቁልቁልም ሽቅብም አየ። ሜትሩን አወጣ፣ ከዛፎቹ ማዶ፣ ከጓሮ አጥሩ ጋር አስጠግቶ ለካ። «አንዲት ክፍል እዚህ ትወጣለች» አለ። «ጠባብ ናት፣ ግን ትወጣለች።»

በዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ሽርጉድ ወፍራሙን ክር ከመሳቢያ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አውቶቡስ ተሳፈረች። ድልድዩ ሥር ሲደርሱ በመስኮት ለጎሚስታው እጇን አወዛወዘች። የዛፉ ፍሬ ተንዠርግጎ ነበር። አልወረደችም።

ነርሷ ቤቱን ሁሉ አጥባ ጠበቀቻት። «ሻይ ላፍላልሽ?» አለቻት፣ ካለፈው ዓመት መልሷ የተነሳ ፈራ ተባ እያለች።

«አፍዪ።»

ሻዩ መጣ። ስኳር አልነበረውም፤ ውኃ በቀለም። ሽርጉድ ወንበር ሳበችና ተቀምጣ ጠጣችው።